የተቸገረ ቤተሰብ ድራማን ከመድረክ አይቶ ሂስ መጻፍ፦ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ተቸገረ ቤተሰብ የሚተርክ ድራማ መድረክ ላይ ሲታይ አዳራሹ ውስጥ እንባ አይጠፋም። ብዙ ጀማሪ ሀያስያን ይህንኑ እንባ የዝግጅቱ ብርታት ማስረጃ አድርገው ይይዙትና «ተመልካቹን ሁሉ ያስለቀሰ ድንቅ ቴአትር» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን ተመልካች የሚያለቅሰው መድረኩ ላይ በሚያየው ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት በመጣው ትዝታም ያለቅሳል። እናቱን በቅርቡ የቀበረ ሰው፣ የተዋናይዋ ችሎታ ምንም ይሁን ምን፣ እናት ስታነባ ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል። በዚህ መመሪያ የምጠቀምበት መለኪያ ስለዚህ ሌላ ነው፦ የቤተሰቡ ችግር በእጅ፣ በዕቃ፣ በሳንቲምና በዝምታ ታይቷል ወይስ በጩኸትና በለቅሶ ብቻ ተነግሯል?

በደፈናው ከመናገር አንድ ተውኔት ይዞ መሄድ ይሻላል። የመረጥሁት የሎሬይን ሃንስቤሪን «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» ሲሆን፣ ርእሱ በግርድፉ ሲተረጎም «በፀሐይ ላይ ያለ ዘቢብ» ማለት ነው። ተውኔቱ በኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች በሚገኙበት በብሮድዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው በኤቴል ባሪሞር ቴአትር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1959 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዋ በዚያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ሥራዋ ብሮድዌይ ላይ የታየላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጸሐፌ ተውኔትም ሆናለች። የመጀመሪያው ዝግጅት 530 ጊዜ ታይቷል። ዛሬም በአሜሪካ ከተሞችና ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ ስለሚዘጋጅ፣ በዚያ የሚኖር አማርኛ አንባቢ በመኖሪያ ከተማው ሊያገኘው የሚችል ሥራ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ መታጠቢያና መጸዳጃውን ከጎረቤት ጋር በሚጋራ ጠባብ ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ይኖራሉ፦ እናት ሊና ያንገር፣ ሾፌር ሆኖ የሚያገለግለው ልጇ ዋልተር ሊ፣ የሰው ቤት እያጸዳች የምትኖረው ሚስቱ ሩት፣ ሐኪም ለመሆን የምትማረው እኅቱ ቤኒታ፣ እንዲሁም ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ የሚተኛው ትንሹ ትራቪስ። ከሟቹ አባት የሕይወት መድን 10,000 ዶላር ይመጣል፤ ጠቡም ሆነ ተስፋው በዚህ ገንዘብ ዙሪያ ይሽከረከራል።

1. ትኬት ከመቁረጥ በፊት ድርሰቱን ማንበብ

ሂስ ጸሐፊ ተውኔቱን ሳያነብ አዳራሽ ከገባ፣ የደራሲዋን ሥራ ከአዘጋጁ ሥራ መለየት አይችልም። አንድ ትዕይንት ሲደክምበት ድካሙ የተጻፈ ይሁን የተጨመረ አያውቅም። ስለዚህ ድርሰቱን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ በአንድ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዘው በዝግታ።

በሁለተኛው ንባብ ገንዘቡን ይከተሉ። ይህ ምክር ለዚህ ተውኔት ብቻ ሳይሆን ስለ ድህነት ለተጻፈ ድራማ ሁሉ ይሠራል፤ በችግረኛ ቤት ውስጥ ፍቅርና ቂም የሚነገሩት ብዙ ጊዜ በገንዘብ ቋንቋ ነውና። እዚህ ያለው ስሌት ቀላል ነው። ከ10,000 ዶላሩ ሊና 3,500ውን ነጮች ብቻ በሚኖሩበት ሰፈር ለምትገዛው ቤት ቅድሚያ ክፍያ ታውለዋለች። የቀረውን 6,500 ለዋልተር ታስረክበዋለች፤ ከዚያ ውስጥ 3,000 ዶላር ለቤኒታ ትምህርት ባንክ እንዲያስቀምጥ አደራ ትለዋለች። እርሱ ግን ሁሉንም ለመጠጥ መሸጫ ንግድ ብሎ ለአንድ ጓደኛው ይሰጥና ጓደኛው ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል። ከእነዚህ ትልልቅ አኃዞች አጠገብ ደግሞ ሁለት ትንንሽ አኃዞች አሉ፦ ትራቪስ ለትምህርት ቤት የሚጠይቃት 50 ሳንቲም፣ እንዲሁም ሩት የጸነሰችውን ለማስወረድ በድብቅ ያስያዘችው 5 ዶላር። ዝግጅቱ የሚፈተነው በአሥር ሺሁ ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው መጣራት ያለበት የትኛው ጽሑፍ እንደ ተወሰደ ነው። በ1959 ዝግጅት የተቆረጡ ክፍሎች ነበሩ፤ ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ጆንሰን የምትመጣበት ትዕይንት፣ ትራቪስ ሜዳ ላይ ስለ ተገደለች አይጥ የሚናገርበት ክፍልና ቤኒታ ጸጉሯን በተፈጥሮው የምትተውበት ክፍል ይገኙበታል። በኋላ በታተሙ ቅጂዎች እነዚህ ተመልሰዋል። ወይዘሮ ጆንሰንን መድረክ ላይ ያላገኘ ሀያሲ «አዘጋጁ ቆርጧታል» ብሎ ከመክሰሱ በፊት ይህንን ማወቅ ይገባዋል።

2. ዳራውን በልኩ ማወቅ

የያንገር ቤተሰብ ቤት መግዛቱ ለምን እንዲህ ያለ ጉዳይ እንደ ሆነ ካላወቅን፣ ቤተሰቡ ወደ ነጮቹ ሰፈር እንዳይገባ በስተኋላ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ነጭ ሰውዬ፣ ካርል ሊንድነር፣ ተራ አማላጅ ይመስለናል። በዘመኑ በቺካጎ ብዙ የቤት ውሎች ንብረቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። የደራሲዋ አባት ካርል ሃንስቤሪ በ1937 እንዲህ ባለ ሰፈር ቤት ገዝተው ቤተሰቡ ተከስሷል፤ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ለእርሳቸው ተፈርዷል። ሃንስቤሪ የሊንድነርን ጨዋ አነጋገር የጻፈችው በልጅነቷ የቤተሰቧን ደጅ ያንኳኳውን ጥላቻ እያወቀች ነው። ሊንድነርን የሚጫወተው ሰው ሲቆጣና ሲያስፈራራ ካዩት ይጠራጠሩ፤ አደገኛነቱ ትሑትነቱ ላይ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ቤኒታ የናይጄሪያ ልብስ ለብሳ ስትጨፍር ዋልተር ሰክሮ ይገባና ኢትዮጵያ ዳግም እጆቿን ትዘርጋ ብሎ ይጮኻል፤ ቀጥሎም ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ቃሉ ከመዝሙረ ዳዊት 67፥31፣ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው የመጣ ነው፤ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ለረጅም ዘመን ሲሰበክ የኖረ የተስፋ ቃልም ነው። ከዚያው ከቺካጎ ተነሥቶ በ1935 ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም የዚሁ ስሜት ልጅ ነበር። ስለዚህ ዋልተር እንዲህ ሲጮኽ ተዋናዩ ስካሩን ብቻ ነው የተጫወተው ወይስ ከስካሩ በታች ያለውን ናፍቆት ጭምር? ይህ ለእኛ አንባቢ የሚገባ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ሂሱን በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ ስም መጎተት ተገቢ አይደለም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

3. አዳራሽ ውስጥ፦ ማየትና ማስታወሻ መያዝ

ከመሐል ረድፍ፣ ከመድረኩ ስድስት ወይም ሰባት ረድፍ ርቀው ቢቀመጡ መልካም ነው፤ የፊት ገጽታም ይታያል፣ ሙሉ መድረኩም በዐይን ይገባል። የእጅ ስልክ ጨርሶ ይዘጋ። ማስታወሻ የሚያዘው በትንሽ ደብተርና በእርሳስ ሲሆን፣ በጨለማ መጻፍ ስለሚያስቸግር አረፍተ ነገር ሳይሆን ቁልፍ ቃል ይጻፉ፤ «እንቁላል—አላየችውም»፣ «50 ሳንቲም—ሳቅ»፣ «መስኮት—ብርሃን ዘገየ» የመሰለውን። ያዩትንና የሰሙትን እንጂ ፍርድዎን አይጻፉ። «ድንቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ቤቱ ሲደርስ ምኑ እንደ ደነቀው አያስታውስም። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ዓመታቴ በቅጽል የተሞላ ደብተር ይዤ ተመልሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድም ትዕይንት በትክክል መግለጽ አቅቶኝ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ውስጥ ስምና ግሥ ብቻ እጽፋለሁ።

4. የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት

ተዋንያን ከመግባታቸው በፊት መድረኩ ክፍት ከሆነ ክፍሉን በደንብ ይመልከቱ። በድርሰቱ መሠረት የቤቱ ዕቃ ድሮ በፍቅርና በተስፋ የተመረጠ፣ አሁን ግን ብዙ ሰው ለብዙ ዓመት የተገለገለበትና የደከመው ነው። የሶፋው ጨርቅ በዳንቴል ተሸፍኗል፤ የምንጣፉ ማለቅ እንዳይታይ ወንበር ተስቦ ተቀምጦበታል፤ ለቤቱ ያለው አንዲት ትንሽ መስኮት ናት። እዚህ ላይ አብዛኛው ዝግጅት የሚሳሳተው ድህነትን በቆሻሻ በመሳል ነው። የሊና ቤት የተቸገረ ቤት ነው እንጂ የተጣለ ቤት አይደለም። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ ያደገ አንባቢ፣ ማታ ተነጥፎ ጠዋት የሚታጠፈውን ፍራሽና ሳጥኑ ላይ የለበሰውን ነጭ ዳንቴል ስለሚያውቅ ልዩነቱን ለማስረዳት አያዳግተውም። ስለዚህ የመድረኩን ግንባታ ሲመዝኑ «ያሳዝናል?» ብለው ሳይሆን «በዚህ ቤት የሚኮራ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚያ የሰዓቱ ደወል ይጮኻል፤ ሩት ትነሣለች፣ ልጇን ትቀሰቅሳለች፣ ቁርስ ትሠራለች። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ቼኩ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ሩትን የምትጫወተው ተዋናይት እጅ ላይ ያተኩሩ። ለዓመታት ያንኑ ምድጃ የለኮሰች ሴት ጨው የት እንዳለ ለማወቅ አታይም፤ ዕቃውን ሳትፈልግ ታገኛለች። ተዋናይቱ ዐይኗ ዕቃ የሚፈልግ ከሆነ ክፍሉን አልኖረችበትም ማለት ነው።

የ50 ሳንቲሙ ጉዳይም የሚመጣው እዚሁ ነው፤ ይህን ትዕይንት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ አስፋፍቼ እመክራለሁ። ትራቪስ 50 ሳንቲም ይጠይቃል፣ እናቱ የለኝም ትላለች፤ አባትየው፣ በድርሰቱ እንደ ተጻፈው፣ ሩትን እያየ 50 ሳንቲሙን ይሰጠዋል፣ ሌላ 50 ሳንቲምም ይጨምርለታል። ጥቂት ቆይቶ ለራሱ የመጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ ወደ ሚስቱ ይመለሳል። በዚህች ትንሽ ጉዳይ ውስጥ የቤቱ ሕመም በሙሉ ተነግሯል፤ የአባት ክብር፣ የሚስት ልክ ማወቅ፣ ልጁ ፊት የመዋረድ ፍርሃት። አዘጋጁ ትዕይንቱን ለሳቅ ብቻ ካሳለፈው ኋላ 6,500 ዶላሩ ሲጠፋ የሚመጣው ውድቀት ሥር አይኖረውም፤ አለቅጥ ካከበደው ደግሞ ገና ከመነሻው ሁላችንንም ያደክመናል። ዋልተር ሳንቲሙን ሲሰጥ ማንን ነው የሚያየው? ልጁን ወይስ ሚስቱን? ሩትስ ዝም ስትል እጇ ምን ይሠራል? ሲመለስ ስንት ጊዜ ቆሞ ነው የሚናገረው? የእነዚህን መልስ ደብተርዎ ላይ ከያዙ ግማሽ ሂስ በእጅዎ ነው።

5. ትወናን እንደ ቤተሰብ መመዘን

በቤተሰብ ድራማ አንድን ተዋናይ ለብቻው ነጥሎ ማወደስ ብዙ ጊዜ ዝግጅቱን አለመረዳት ነው። ለዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳያይ ያልፋል፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ይመልስለታል፣ መቀመጫውን ያውቅለታል። ስለዚህ የሚናገረውን ሳይሆን የሚሰማውን ይመልከቱ። ዋልተር ስለ ንግዱ ሲያወራ ሩት ለስንተኛ ጊዜ እየሰማችው እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል? ቤኒታ ስትቀልድ እናት ከመቆጣቷ በፊት ፈገግታ ያመልጣታል?

የዕድሜም ነገር አለ። በ2014 በዚያው በኤቴል ባሪሞር ቴአትር፣ በኬኒ ሊዮን አዘጋጅነት ዋልተርን የተጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን 59 ዓመቱ ነበር፤ በድርሰቱ ዋልተር 35 ዓመቱ ነው። እናቱን የተጫወተችው ላታንያ ሪቻርድሰን ጃክሰን ደግሞ በዕድሜ ከእርሱ የምትበልጠው አምስት ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። ያ ዝግጅት የብሮድዌይ ቴአትሮች በሚሸለሙበት በቶኒ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ዳግም ዝግጅት ተብሏል። እንዲህ ያለ የዕድሜ ልዩነት ሲገጥም «አይመጥንም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ የሀያሲው ሥራ ግን ዕድሜው ትርጉሙን እንዴት እንደ ለወጠው መናገር ነው። በ35 ዓመቱ ሕልም የሚያሳድድ ሰው ችኩል ነው፤ በ50ዎቹ ውስጥ ሆኖ የሚያሳድድ ግን ጊዜው የመሸበት ነው፤ ተስፋ መቁረጡም የተለየ ድምፅ አለው።

እናትን በተመለከተ፣ ሊናን ቅድስት አድርጎ መጫወት የተለመደ ስሕተት ነው። ቤኒታ እግዚአብሔር የለም ስትል በጥፊ የምትመታት፣ «በእናቴ ቤት ዛሬም እግዚአብሔር አለ» የሚለውን በግድ የምታስደግማት ይህች ሴት ናት። ፍቅሯ ከባድ ክንድ አለው። ጥፊው ሲያርፍ አዳራሹ ካጨበጨበ፣ ተዋናይቱ ከጥፊው በኋላ ባለው ዝምታ ውስጥ ጭብጨባውን ታከሽፈዋለች ወይስ ትቀበለዋለች? እኔ የምወዳት ሊና የምታከሽፈዋ ናት።

6. ሦስት የፈተና ጊዜያት

የመጀመሪያው ቦቦ የተባለው ሌላው የዋልተር ጓደኛ መጥቶ ገንዘቡ መጥፋቱን የሚናገርበት ነው። ትዕይንቱ የሚጀምረው ቤተሰቡ ዕቃ ጠቅልሎ፣ ለሊና የአትክልት መቆፈሪያና ባርኔጣ ስጦታ ሰጥቶ፣ እየሣቀ ሳለ ነው። ሣቁ እውነተኛ ካልሆነ መርዶው አይመታም። የመብራት ባለሙያው ክፍሉን አስቀድሞ ካደበዘዘው ደግሞ ተመልካቹ ከቦቦ በፊት ወሬውን ሰምቷል ማለት ነው፤ ይህን እንደ ጉድለት መጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው፣ በሦስተኛው ገቢር ዋልተር የሊንድነርን ገንዘብ ተቀብሎ ቤቱን ሊተው ሲወስን፣ ነጮቹ ፊት እንዴት እንደሚለማመጥ ለቤተሰቡ ተንበርክኮ የሚያሳይበት ነው። መድረክ ላይ ውርደትን ማሳየት ከባድ ነው፤ ተዋናዩ ራሱን እየወደደ ከተጫወተው ትርኢት ይሆናል። እዚህ ላይ ደግሞ ዋልተርን ትተው ሴቶቹን ይዩ፤ ሦስቱም ዐይናቸውን የት ያሳርፋሉ?

ሦስተኛው ሊንድነር ሲመለስ ነው። እናትየው ትራቪስ ከክፍሉ እንዳይወጣ ታዛለች፤ አባቱ የሚያደርገውን ልጁ እያየ እንዲያደርገው ትፈልጋለች። ዋልተርም ልጁ ፊት ቆሞ አንሸጥም ይላል። ብዙ ተዋንያን ይህንን እንደ ድል ንግግር ያስተጋቡታል፤ ድርሰቱን ያነበበ ሰው ግን ቃላቱ የተቆራረጡና ቀላል መሆናቸውን ያውቃል። ጥሩ ዋልተር የሚናገረውን በመናገር ላይ ሳለ የሚያገኝ ነው።

7. ከአዳራሽ ሲወጡ

ከቴአትሩ በኋላ ወዲያው ሰው ጋር አይከራከሩ፤ ስሜትዎ በሌላ ሰው አባባል ይሸፈናል። ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻዎን ተቀምጠው በጨለማ የጻፏቸውን ቁልፍ ቃላት ወደ ሙሉ አረፍተ ነገር ይለውጡ፤ ሌሊቱ ካለፈ እጅ ጽሑፍዎን ራስዎም አያነቡትም። ከዚያም እያንዳንዱን ነጥብ ከሦስቱ ለአንዱ ይስጡ፦ ይህ የደራሲዋ ነው፣ ይህ የአዘጋጁ ነው፣ ይህ የተዋናዩ ነው። ለማን እንደሚሰጥ ያልታወቀው እስከ ማግሥቱ ይቆይ።

8. መጻፍ

ሂሱ ከስምንት መቶ እስከ አንድ ሺህ ቃል ቢሆን ለአብዛኛው አንባቢ ይበቃል። መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ስለ ዝግጅቱ የሚሉትን በአንድ አረፍተ ነገር ያውጡ። «ዝግጅቱ ጥሩ ነበር» ሐሳብ አይደለም። ለምሳሌ «አዘጋጁ የዋልተርን ታሪክ ሊነግረን ተነሥቶ፣ የሩትን ታሪክ ሳያስበው ነግሮናል» የሚለው ሐሳብ ነው፤ የሚደግፈው ማስረጃ ይፈልጋልና።

መግቢያውን ከአንድ ቅጽበት ይጀምሩ፤ ከደራሲዋ የሕይወት ታሪክ ወይም ቴአትር የኅብረተሰብ መስተዋት ነው ከሚለው የተለመደ አባባል አይጀምሩ። ታሪኩን በአንድ አንቀጽ ይጨርሱት። አንድ ጊዜ የጻፍሁትን ሂስ አንድ አርታዒ ሲመልስልኝ ከአሥር አንቀጽ ሰባቱን በእርሳስ ከብቦ «ይህን ደራሲው ጽፎታል» የሚል ማስታወሻ አኑሮበት ነበር፤ ትክክል ነበር፣ ዛሬም የጽሑፌን አንቀጾች በዚያው መንገድ እቆጥራለሁ። ገንዘቡ መጥፋቱን መግለጥ ግድ ከሆነ ይግለጡት፤ ዋልተር መጨረሻ ላይ የሚወስነውን ግን ለአዲስ ተመልካች ቢተዉለት ይመረጣል።

ፍርድ ሁልጊዜ ከመግለጫ በኋላ ይምጣ። ሁለት አጻጻፎችን እናነጻጽር። አንዱ «ሩትን የተጫወተችው ተዋናይት እጅግ ልብ የሚነካ ትወና አሳይታለች» ይላል። ሌላው «ባሏ ሁለተኛውን 50 ሳንቲም ለልጁ ሲጨምርለት ሩት ቀና አላለችም፤ እንቁላሉን መምታቷን ብቻ አቆመች፤ ያ ማቆም ከዚያ በኋላ ከተጮኸው ጩኸት ሁሉ በልጦ ተሰማኝ» ይላል። አንባቢው ሁለተኛውን አምኖም ሊቃወመው ይችላል፤ ከመጀመሪያው ጋር ግን ሊስማማም ሊከራከርም አይችልም።

ጉድለትን ሲጽፉ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይንኩ። «ድምፁ ከአሥረኛው ረድፍ ወዲያ አይሰማም» ተገቢ ነው፤ «ለመድረክ አልተፈጠረም» ግን ሂስ አይደለም። በዝግጅቱ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ካለ ወይም ትኬቱን በነፃ ያገኙት ከሆነ በጽሑፉ ውስጥ ይናገሩት።

9. የቋንቋው ነገር

የያንገር ቤተሰብ የሚናገረው የደቡባዊ ቺካጎ ጥቁሮችን እንግሊዝኛ ነው፤ ቤኒታ የተማረች ስለሆነች አነጋገሯ ይለያል፤ የዚህ ልዩነት መሰማት ወይም አለመሰማት የትወናው አካል ነው። ቃለ ተውኔቱን ወደ አማርኛ ሲመልሱ የአንድን አካባቢ ዘዬ ልሰጠው ብለው አይሞክሩ፤ አንባቢው ቺካጎን ትቶ ሌላ አገር ይገባል። ቀላልና የቤት ውስጥ አማርኛ ይበቃል፤ ዋልተር እናቱን «አንቺ» ይበላት፣ ሊንድነርን ግን «እርስዎ» ይበለው፤ አማርኛችን የአክብሮትን መጠን በአንድ ቃል ስለሚያሳይ፣ እንግሊዝኛው በድምፅ ቃና ብቻ የሚያሳየውን እኛ በተውላጠ ስም ልናሳይ እንችላለን።

የሙያ ቃላትንም በአንድ መልክ ይያዙ። አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ገቢር፣ ትዕይንት፣ ቃለ ተውኔት፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ የሚሉት ለአንባቢው የታወቁ ናቸው። የተዋንያንና የገጸ ባሕርያት ስም በጽሑፉ ውስጥ ሁሉ በአንድ ሆሄ ይጻፍ፤ አንድ ቦታ «ቤኒታ» ሌላ ቦታ «በኒታ» ያለ ጽሑፍ ለአንባቢው አንዷን ሰው ሁለት ያስመስላታል።

10. ከመላክ በፊት

ጽሑፉን አንድ ሌሊት አሳድረው ጮክ ብለው ያንብቡት። ስሞችን ከዝግጅቱ መግለጫ ወረቀት ጋር፣ አኃዞችን ከድርሰቱ ጋር ያስተያዩ፤ 3,500ን 3,000 ብሎ የጻፈ ሀያሲ በቀረው ፍርዱም አይታመንም። በጽሑፉ ግርጌ የአዳራሹን ስም፣ ዝግጅቱ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የትኬቱን ዋጋና የዕረፍቱን ርዝመት ያስፍሩ፤ ተውኔቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚወስድ በምሽት ባቡር ለሚመለስ ሰው ይህ ጥቅም አለው።

መዝጊያውን በተመለከተ፣ የተውኔቱ የመጨረሻ ደቂቃ ራሱ መንገድ ያሳያል። ሁሉም ወጥተው ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን የቀረችው ሊና በሩን ዘግታ ከወጣች በኋላ ትመለሳለች፤ መስኮቱ ሥር በዚያች ጥቂት ብርሃን ስትንከባከባት የኖረችውን ደካማ ተክል አንሥታ ትወጣለች። ተዋናይቱ ተክሏን እንዴት እንዳነሣችው፣ ቸኩላ ይሁን አስታውሳ፣ በአንድ እጅ ይሁን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ደብተርዎ ላይ ካለ በዚያው ይዝጉት። ከሌለ ደግሞ ሌላ ምሽት ትኬት ቆርጠው ተመልሰው ይዩት።